በውርስ ያልተገኘ ወዳጅነት፦ ስለ ኮመንዌልዝ ለተለመደው ፍርድ የተሰጠ ምላሽ

በየዓመቱ በማርች ወር ሁለተኛው ሰኞ የኮመንዌልዝ ቀን ይከበራል። በአብዛኛው በብሪታንያ ሥር የነበሩ የ56 አባል አገራት ሰንደቅ ዓላማዎች ይሰለፋሉ፤ የማኅበሩ ርእስ የሆነው የብሪታንያ ንጉሥ መልእክት ያስተላልፋል፤ ስለ «አገራት ቤተሰብ»፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ ጋራ እሴቶች ብዙ ይነገራል። ይህን ከሩቅ የሚመለከት ኢትዮጵያዊ ምሁር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይህ የሞተው ግዛተ ዐፄ ጥላ ነው፤ ገዥና ተገዥ የነበሩ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ያለፈውን የሚያስረሱበት የሻይ ግብዣ ነው፤ እኛን አይመለከተንም።»

ፍርዱ በክፍል ውስጥም በጋዜጣ ዓምድም ሲደጋገም ስለኖረ ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቷል። ተበትኖ ሲታይ ሦስት ነገሮችን ይላል። አንደኛ፣ የማኅበሩ እሴቶች ከብሪታንያ የተወረሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ እሴቶቹ ወረቀት ላይ የቀሩ ናቸው፤ ማንም ዋጋ አልከፈለባቸውም። ሦስተኛ፣ በቅኝ ግዛት ያልተገዛች ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ የምትማረው የለም። የእኔ መልስ ከሦስቱም ጋር ይለያል። የኮመንዌልዝ ዋና ዋና እሴቶች የተገኙት በአዲሶቹ አባላት ግፊት፣ ብዙ ጊዜም ከለንደን ፍላጎት በተቃራኒ ነው። ዋጋም ተከፍሎባቸዋል፤ የከፈሉትም በአመዛኙ ድሆቹ አባላት ናቸው። ስለዚህ ወዳጅነታቸው መከበር የሚገባው ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው አገራችን ከዚህ የምትወስደው ትምህርት አለ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥርጣሬው መሠረት አለው

ተቃራኒን ሐሳብ አሳንሶ መመለስ ምላሽ አይባልምና በመጀመሪያ የፍርዱን ጥንካሬ ላሳይ። ኢትዮጵያ የአገራት ቃል ኪዳን እንዴት እንደሚከዳ በገዛ ሥጋዋ አይታለች። ጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ አባል አገራት በጋራ እንከላከላለን ብለው የፈረሙት ሰነድ በሥራ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቆየ፤ በጁላይ ደግሞ ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ። ይህን ያየ ሕዝብ የወዳጅነት ንግግር ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ከብሪታንያ ጋር ያለን ታሪክም ቀላል አይደለም። በ1941ዱ ዘመቻ ከህንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከዛሬዋ ጋና፣ ከኬንያና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች የፋሺስትን ጦር ወግተዋል። የወደቁት በአዲስ አበባና በከረን ያርፋሉ፤ መቃብራቸውን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ የጦርነት መቃብሮች ኮሚሽን ነው። ከእነዚያ ወታደሮች መካከል ሕንዳውያኑና ጥቁር አፍሪካውያኑ ለእኛ ነጻነት ሲሞቱ በገዛ አገራቸው ነጻ አልነበሩም። ብሪታንያም ጣሊያን ከወጣ በኋላ በኦጋዴን የያዘችውን መሬት በየደረጃው እየለቀቀች የመጨረሻውን ክፍል፣ ሀውድን፣ የመለሰችው በ1955 ነው።

ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የኮመንዌልዝን ቻርተር የፈረሙት ማርች 11 ቀን 2013 ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በማው ማው ዐመፅ ዘመን በኬንያ ለተሠቃዩ 5,228 ሰዎች ወጪን ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ያንን ያስገኘው የመሪዎች ጉባኤ አልነበረም። አረጋውያን ኬንያውያን ለንደን ድረስ ሄደው በፍርድ ቤት ተሟግተው ነው። በ1968 ደግሞ የብሪታንያ ፓርላማ የብሪታንያ ፓስፖርት የያዙ የኬንያ እስያውያን መግባታቸውን የሚገድብ ሕግ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጽድቋል። በኤፕሪል 2018 የኮመንዌልዝ መሪዎች ለንደን ተሰብስበው ሳለ፣ ከካሪቢያን ገና በልጅነታቸው ወደ ብሪታንያ የገቡ አዛውንቶች ሰነድ የላችሁም ተብለው ሥራና ሕክምና መነፈጋቸው፣ አንዳንዶቹም መባረራቸው ይፋ ወጣ።

እነዚህ እውነቶች ናቸው፤ ማንም የኮመንዌልዝ ወዳጅ ሊሸፍናቸው አይገባም። የሚያሳዩት ግን የብሪታንያን ጥፋት ነው። የኮመንዌልዝን ታሪክ በብሪታንያ ጥፋት ብቻ መጻፍ፣ የሌሎቹን 55 አገራት ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ለለንደን አሳልፎ መስጠት ይሆናል። የተለመደው ፍርድ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፦ ግዛተ ዐፄን እነቅፋለሁ እያለ፣ ታሪክን የሚሠራው ግዛተ ዐፄ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ያነብባል።

እሴቶቹን ያመጣቸው ማን ነው?

እስከ 1949 ድረስ የአባልነት መሠረቱ ለአንድ ዘውድ መታመን ነበር። ይህን የለወጠችው ህንድ ናት። ጃዋሃርላል ኔህሩ አገራቸው ሪፐብሊክ እንደምትሆን፣ ሆኖም በማኅበሩ ውስጥ መቆየት እንደምትፈልግ አስታወቁ። በኤፕሪል 1949 ለንደን ላይ ስምንት አገራት ተሰብስበው መፍትሔ አገኙ፦ ንጉሡ የነጻ አባላት ማኅበር ምልክት ሆኖ ይቀመጥ፤ ለእርሱ መገዛት ግን የአባልነት ግዴታ አይሁን። ዛሬ ከ56ቱ አባላት 36ቱ ሪፐብሊኮች ናቸው፤ አምስቱ የራሳቸው ነገሥታት አሏቸው። ባርቤዶስ በኖቬምበር 2021 ዘውዱን አውርዳ ሪፐብሊክ ስትሆን ከኮመንዌልዝ መውጣት አላስፈለጋትም። የማኅበሩ ርእስነትም ቢሆን በውርስ የሚተላለፍ አይደለም፤ ቻርልስ እናታቸውን እንዲተኩ መሪዎቹ በ2018 መክረው ተስማምተዋል። ዘውድና ማኅበርን የለያያቸው ከቅኝ ግዛት ገና ሁለት ዓመት እንኳ ያልራቀ የእስያ አገር ጥያቄ ነው።

የዘር እኩልነት መርህ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይናገራል። በ1949 ከስምንቱ አባላት አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። አፓርታይድን ከአንድ ዓመት በፊት ጀምራዋለች፤ በማኅበሩ ውስጥ ግን «የውስጥ ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ማርች 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰዎችን ገደለ። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ሪፐብሊክ ልትሆን ስለነበር አባልነቷን ለመቀጠል የሌሎቹን ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን እንድትቆይ ፈልገው ነበር። የህንድ፣ የጋና፣ የማላያና የሌሎች አዳዲስ አባላት መሪዎች ግን ጸኑ፤ የካናዳው ጆን ዲፈንቤከርም ከእነርሱ ጎን ቆሙ። ያኔ ገና ነጻነቷን ያላገኘችው የታንጋኒካ መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ በለንደኑ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ፣ ደቡብ አፍሪካን ማስገባት እኛን በር እንደመዝጋት ይቆጠራል የሚል ጽሑፍ አወጡ። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ሄንድሪክ ፈርቩርት እንደማይሳካላቸው ሲያዩ ማመልከቻቸውን አነሡ፤ ደቡብ አፍሪካም በሜይ 1961 ወጣች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ብሪታንያ ያቋቋመችው ማኅበር የብሪታንያን የረጅም ጊዜ አጋር በብሪታንያ ፍላጎት ላይ ሲያስወጣ፣ የዘር እኩልነትን «ከለንደን የተወረሰ እሴት» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

የማኅበሩ አስተዳደርም በዚሁ መንገድ ነው የተለወጠው። እስከ 1965 ድረስ ጉባኤዎቹን የሚያዘጋጁት የብሪታንያ መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ፣ የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴና የትሪኒዳዱ ኤሪክ ዊሊያምስ ማኅበሩ የሁሉም የሆነ ጽሕፈት ቤት ያስፈልገዋል ብለው በ1964 ጠየቁ። በዓመቱ ጽሕፈት ቤቱ ተቋቋመ፤ ካናዳዊው አርኖልድ ስሚዝም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከእርሳቸው በኋላ ጋያናዊው ሽሪዳት ራምፋልና ናይጄሪያዊው ኤሜካ አንያኦኩ ለሃያ አምስት ዓመታት መርተውታል። እድርን መጀመሪያ የጠራ ሰው የእድሩ ባለቤት አይሆንም፤ መተዳደሪያ ደንቡን አባላቱ ተከራክረው ያጸድቁታል፤ ጠሪውም እንደ ማንኛውም አባል ይዳኝበታል። በኮመንዌልዝ የሆነው ይኸው ነው።

ደንቡ በጽሑፍ የሰፈረው በ1971 ሲንጋፖር ላይ ነው። የብሪታንያው የኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት ለደቡብ አፍሪካ የጦር መሣሪያ መሸጥ ይቻላል የሚል አቋም ይዞ በመምጣቱ ጉባኤው ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የዛምቢያው ኬኔት ካውንዳ የመርሆዎች መግለጫ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ተሻሽሎ በጸደቀው ሰነድ አባላቱ የዘር መድልዎን እንደ ክፉ ነገር ኮነኑት፤ እኩልነትን፣ የሰውን ነጻነትና ሰላምን የጋራ መሠረታቸው አደረጉ። የኋለኞቹ ሰነዶች፣ የ1991ዱ የሐራሬ መግለጫም የ2013ቱ ቻርተርም፣ በዚህ ላይ የተገነቡ ናቸው። የሐሳቡ አፍላቂ በነጭ አገዛዞች የተከበበች አንዲት ወጣት አፍሪካዊት አገር ናት።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

ሁለተኛው ክስ እሴቶቹ ባዶ ቃላት ናቸው ይላል። ለዚህ ከሮዴዥያ፣ ከዛሬዋ ዚምባብዌ፣ የተሻለ ፈተና የለም።

ኖቬምበር 11 ቀን 1965 የሮዴዥያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢያን ስሚዝ የነጮችን አገዛዝ ለማቆየት በአንድ ወገን ነጻነት አወጁ። በዲሴምበር አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ብሪታንያ አመፁን እስከ ወሩ አጋማሽ ካላፈረሰች አባላቱ የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ ወሰነ። አብዛኞቹ የድርጅቱ አባላት ውሳኔውን አልፈጸሙትም። ከኮመንዌልዝ አባላት ታንዛኒያና ጋና ግን ፈጸሙት። ታንዛኒያ በዚህ ምክንያት ከብሪታንያ ልታገኝ የነበረውን 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር አጣች። ለዚያች ድሃ አገር ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር። የታንዛኒያው ኔሬሬ ከብሪታንያ ጋር ግንኙነት ቢያቋርጡም ከኮመንዌልዝ አልወጡም። ማኅበሩ የብሪታንያ ንብረት እንዳልሆነና ከአንዱ አባል ጋር መጣላት ከሁሉም ጋር መለያየት እንዳልሆነ በተግባር አሳዩ። በእኔ ግምት በማኅበሩ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ የአባልነት ትርጓሜ የሰጠ ሌላ ድርጊት የለም።

የብሪታንያው የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ማዕቀቡ አመፁን በሳምንታት ውስጥ ያንበረክከዋል ብሎ ነበር፤ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ከማንም በላይ የተጎዳችው ዛምቢያ ናት። መዳቧ ወደ ባሕር የሚወርደው በሮዴዥያ ባቡር ስለነበር ማዕቀቡን ስትደግፍ የራሷን ጉሮሮ ማጥበቧ ነበር። በ1973 ስሚዝ ድንበሩን ዘግተው መልሰው ሲከፍቱ፣ ካውንዳ በበኩላቸው እንደተዘጋ እንዲቆይ አደረጉ። በቻይና ርዳታ ከዳሬ ሰላም ወደ ዛምቢያ የተዘረጋው 1,860 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር የዚህ ጭንቅ ልጅ ነው። ሞዛምቢክም ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ በ1976፣ ድንበሯን ዘጋች፤ ያኔ የኮመንዌልዝ አባል ሳትሆን የማኅበሩ አገራት ድጋፍ አሰባሰቡላት። በ1995 የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሳትሆን አባል ሆና የተቀበሏት ያንን ስላልረሱ ጭምር ነው።

በኦገስት 1979 መሪዎቹ ሉሳካ ተገናኙ። የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በሮዴዥያ የነበረውን ስሚዝ ያደራጁትን የይስሙላ የጥቁሮች መንግሥት ለመቀበል የተቃረቡ ይመስሉ ነበር። ኔሬሬ፣ ካውንዳ፣ የጃማይካው ማይክል ማንሊና የአውስትራሊያው ማልኮም ፍሬዘር ከታቸር ጋር ተቀምጠው ሁሉም ወገን የሚሳተፍበት ጉባኤና በክትትል የሚካሄድ ምርጫ እንዲኖር ተስማሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በላንካስተር ሃውስ ስምምነቱ ተፈረመ። የተኩስ አቁሙን ለመከታተል ከብሪታንያ ጋር የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የኬንያና የፊጂ ወታደሮች ተሰማሩ፤ ኤፕሪል 18 ቀን 1980 ዚምባብዌ ነጻ ሆነች። ድሉ በመጀመሪያ በጫካ የተዋጉት ዚምባብዌያውያን ነው። ሆኖም ተዋጊዎቹን ወደ ድርድር ጠረጴዛ ያመጣቸው፣ ታቸርንም ከያዙት መንገድ የመለሳቸው በሉሳካው ጉባኤ ላይ የነበረው የጓደኞች ግፊት ነው።

ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ። በ1985 ናሶ ላይ በተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ ሰባት ታዋቂ ሰዎች ተመርጠው በኦሉሴጉን ኦባሳንጆና በማልኮም ፍሬዘር መሪነት ወደ ፕሪቶሪያ ተላኩ። ፖልስሙር እስር ቤት ውስጥ ኔልሰን ማንዴላን አነጋገሩ። ማንዴላ እንዲፈቱ፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ እገዳ እንዲነሣ፣ ሁከት እንዲቆም፣ ድርድር እንዲጀመር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሜይ 19 ቀን 1986 መልእክተኞቹ ገና በአገሪቱ እያሉ የአፓርታይድ ጦር ጋቦሮኔን፣ ሐራሬንና ሉሳካን ደበደበ። ሦስቱም የኮመንዌልዝ አባላት ዋና ከተሞች ነበሩ። ታቸር ከዚያ በኋላም ጠንካራ ማዕቀብ አልቀበልም ሲሉ ሌሎቹ ያለ ብሪታንያ ወሰኑ፤ በኤደንብራው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችም ከ59ኙ ተጋባዦች 32ቱ ቀሩ። አትሌቶች አራት ዓመት የተዘጋጁበትን መድረክ ለሌላ ሕዝብ ነጻነት ሲተዉ ይህ ባዶ ቃል አይባልም። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ፍሬዴሪክ ደ ክለርክ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1990 ያስታወቁት እርምጃ መልእክተኞቹ ከአራት ዓመት በፊት ካቀረቡት ብዙም የራቀ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ በጁን 1994 ወደ ማኅበሩ ስትመለስ የተመለሰችው ወደ ለንደን አይደለም፤ ወደ ሉሳካና ወደ ዳሬ ሰላም ነው።

በራስ ቤት ላይ መፍረድ

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀራል፦ «የነጮችን ዘረኝነት ማውገዝ ለአፍሪካውያን ከባድ አይደለም፤ በራሳቸው ወንድሞች ላይስ ፈርደዋል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም ግማሽ አዎ፣ ግማሽ አይደለም ነው።

ኖቬምበር 10 ቀን 1995 መሪዎቹ ኦክላንድ ላይ ስብሰባቸውን ሲጀምሩ የናይጄሪያው የሳኒ አባቻ መንግሥት ጸሐፊውን ኬን ሳሮ ዊዋንና ስምንት የኦጎኒ ሰዎችን ሰቀለ። በማግስቱ ናይጄሪያ ከአባልነት ታገደች። በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ፣ ነዳጅ ያላት፣ ለአፓርታይድ መውደቅ ብዙ የለፋች አገር ነበረች። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከተቃወሟት መካከል ዋነኛው ማንዴላ ነበሩ። በዚያው ጉባኤ መርሆዎቹን በጽኑ የሚጥሱ አባላትን ጉዳይ የሚመለከት የሚኒስትሮች ቡድን ተቋቋመ። ናይጄሪያ የተመለሰችው በ1999 ወደ ሲቪል አስተዳደር ስትሸጋገር ነው። ፓኪስታንና ፊጂም መፈንቅለ መንግሥት በተካሄደባቸው ጊዜ ታግደዋል። በ2002ቱ ምርጫ ምክንያት ዚምባብዌን ካገደው ኮሚቴ ሦስት አባላት ሁለቱ የናይጄሪያው ኦባሳንጆና የደቡብ አፍሪካው ታቦ ምቤኪ ነበሩ።

ሌላው ግማሽ ደስ አይልም። ቡድኑ መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ ይፈጥናል፤ በምርጫ የመጣ መንግሥት ፍርድ ቤትንና ጋዜጠኛን ሲያዳክም ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በ2009 ሩዋንዳ አባል ስትሆን፣ መቀመጫውን ኒው ዴልሂ ያደረገው የኮመንዌልዝ የሰብአዊ መብት ተቋም መስፈርቱን አታሟላም ብሎ በይፋ ተቃውሞ ነበር፤ አልተሰማም። ስለዚህ የማኅበሩ እሴቶች ሲሠሩ ያየናቸው ዋጋ ለመክፈል የተዘጋጀ አባል በተገኘ ጊዜ ነው፤ ባልተገኘ ጊዜ ተኝተዋል። ይህ የእኔን መከራከሪያ አያፈርሰውም፤ ያጠነክረዋል። እሴት በቻርተር ላይ በመጻፉ ብቻ የጋራ አይሆንም። የጋራ የሚሆነው ስለ እርሱ ለመጎዳት በሚፈቅዱ ሰዎች መጠን ነው።

ትንንሾቹ አገራት

የተለመደው ፍርድ ጨርሶ የማያየው ሌላ ነገር አለ። ከዓለም 42 ትናንሽ አገራት 33ቱ የኮመንዌልዝ አባላት ናቸው። ለቱቫሉ ወይም ለናውሩ ዓይነት አገር ኒው ዮርክ ላይ የራስን ቢሮ መክፈት ከባድ ወጪ ነው። ከ1983 ጀምሮ ማኅበሩ በዚያ የጋራ ቢሮ ከፍቶ ትናንሾቹ በተባበሩት መንግሥታት ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ረድቷል። በ1987 ቫንኩቨር ላይ የማልዲቭሱ ፕሬዚዳንት ማውሙን አብዱል ጋዩም ባሕሩ አገራቸውን ሊውጥ እንደሚችል ሲናገሩ የአየር ንብረት ለውጥ ገና የዓለም መሪዎች አጀንዳ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ አካባቢ ጥበቃ የላንግካዊ መግለጫ ወጣ፤ የሪዮው የአካባቢ ጉባኤ የተካሄደው ከዚያም ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ትልቅ አገርና አንዲት የደሴት አገር እኩል ተቀምጠው የሚነጋገሩበት መድረክ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። የባሪያ ንግድና የካሳ ጉዳይ እንኳ፣ የብሪታንያ መንግሥት አጀንዳ አይሆንም ቢልም፣ በኦክቶበር 2024 አፒያ ላይ በመሪዎቹ የጋራ መግለጫ ውስጥ ገብቷል። ያስገቡት በዋናነት የካሪቢያን አገራት ናቸው።

ለእኛ ምን ይላል?

ሦስተኛው ክስ ኢትዮጵያን አይመለከትም የሚለው ነው። ይመለከታታል። ሽሪዳት ራምፋል የጋያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የአፍሪካን፣ የካሪቢያንንና የፓስፊክን አገራት ከአውሮፓ ጋር በአንድ ድምፅ እንዲደራደሩ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1975 ሎሜ ላይ ስምምነቱን ከፈረሙት 46 አገራት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በኮመንዌልዝ ውስጥ የተለማመዱት የመደራደር ልምድ አባል ላልሆኑት ጭምር ተርፏል።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ራሳችን የአገራት ቤተሰብ እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ሜይ 25 ቀን 1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዳሬ ሰላም በነበረው ኮሚቴው አማካይነት ለነጻነት ትግል ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን በአባላት የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን የማይደፈር መርህ አድርጎት ስለነበር በኢዲ አሚን ዘመን ኡጋንዳ ላይ ዝም አለ፤ አልፎም በ1975 ጉባኤውን ካምፓላ ላይ አካሄደ። የአፍሪካ ኅብረት በ2000ው መመሥረቻ ሰነዱ ይህን ለወጠ፤ ከሕገ መንግሥት ውጭ ሥልጣን የያዘ መንግሥት ከተሳትፎ ይታገዳል። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በቅርብ ዓመታት ታግደዋል። እርምጃው መልካም ነው፤ ግን እንደ ኮመንዌልዙ ቡድን ይህም የሚፈጥነው ወታደር ሥልጣን ሲይዝ ነው። ሲቪል መንግሥት በሕዝቡ ላይ ሲነሣ፣ ጦርነት ሲያካሂድ፣ ተፈናቃይ ሲበዛ፣ የአፍሪካ ወንድማማችነት ብዙ ጊዜ በመግለጫ ይወሰናል።

በ1936 የመንግሥታት ማኅበር እኛን ከድቶ የወደቀው እሴት አጥቶ አልነበረም። ቃል ኪዳኑ ያማረ ነበር፤ ነዳጅ ለማገድና ቦይ ለመዝጋት የፈቀደ ኃያል አባል ግን አልተገኘም። በ1965 ታንዛኒያ ብድሯን ስታጣ፣ በ1973 ዛምቢያ ድንበሯን ሳትከፍት ስትቀር፣ በጄኔቫ የጎደለው ነገር ምን እንደነበረ አሳይተውናል። የሁለቱን ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ለኢትዮጵያዊ ምሁር ግዴታ ይመስለኛል። በጄኔቫ የተጠቃነው እኛ ነን፤ ልዩነቱን ከማንም ይልቅ የምናውቀው እኛ መሆን ነበረብን።

እንግዲህ ለተለመደው ፍርድ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ኮመንዌልዝ እንከን የሌለው ማኅበር አይደለም፤ ነገር ግን የግዛተ ዐፄ ጥላ ብሎ መዝጋት የኔህሩን፣ የንክሩማን፣ የካውንዳን፣ የኔሬሬንና የማንዴላን ሥራ መካድ ነው። እነዚህ ሰዎች ገዥያቸው ያቋቋመውን ቤት ገብተው ሕጉን ለውጠውታል፤ ለለወጡት ሕግም ዋጋ ከፍለዋል። የአገራት ወዳጅነት ሊከበር የሚገባው ለዚህ ነው። አንባቢዬም ሜይ 25 ቀን የአፍሪካን ቀን ስናከብር ከሰንደቅ ዓላማውና ከንግግሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ እለምናለሁ፦ በዚህ ዓመት፣ ለሌላው አፍሪካዊ መብት ሲባል፣ የእኛ መንግሥትና እኛ ራሳችን ምን ዋጋ ከፈልን? መልስ ያላት አገር በዓሉን በሙሉ ልብ ታክብር፤ መልስ የሌላት ደግሞ መልሱን በሚቀጥለው ዓመት ይዛ ለመምጣት ዛሬ ትጀምር።